መኪና የማይበዛበት የተራራ መንገድ ለማን ነው? የሩዋንዳው ‘ኮንጎ ናይል’ መንገድ የሚያስነሳው ጥያቄ

በምዕራብ ሩዋንዳ፣ ከኪቩ ሐይቅ በላይ ባሉት ኮረብታዎች ወገብ ላይ፣ እየወጣና እየወረደ የሚጠማዘዝ መንገድ አለ። በሰሜን ከሩባቩ ተነሥቶ ሩትሲሮን፣ ካሮንጊን እና ኒያማሼኬን አቋርጦ በደቡብ ሩሲዚ ይደርሳል። ርዝመቱ 227 ኪሎ ሜትር ነው። የሩዋንዳ ልማት ቦርድ ለጎብኚዎች የሚያስተዋውቀው ‘ኮንጎ ናይል’ በሚል ስም ሲሆን፣ በእግር ለሚጓዝ ዐሥር ቀን፣ በብስክሌት ለሚጓዝ ደግሞ አምስት ቀን ገደማ ይፈጃል።

ስያሜው የኮንጎን እና የናይልን ተፋሰሶች ከሚለየው የተራራ ሰንሰለት የመጣ ነው። በምዕራቡ ተረተር የሚዘንበው ዝናብ ወደ ኪቩ ሐይቅ ወርዶ በሩዚዚ ወንዝ በኩል የኮንጎን ተፋሰስ ይቀላቀላል። በምሥራቁ ተረተር የሚዘንበው ደግሞ በኒያባሮንጎ እና በአካጌራ አድርጎ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባና በመጨረሻ የነጭ ዓባይ ውኃ ይሆናል።

ከሩቅ አገር የሚመጡ ብስክሌተኞች ይህን መንገድ የሚመርጡት ለመልክዓ ምድሩ ብቻ አይደለም። በአመዛኙ ኮረኮንች እና የእግር መንገድ በመሆኑ መኪና አይበዛበትም። የጭነት መኪና ጥሩምባ ሳይሰማ፣ የአውቶቡስ ጭስ ሳይታፈን፣ በአንድ ወገን ሐይቁን፣ በሌላው ወገን የቡና፣ የሻይ እና የሙዝ ማሳዎችን እያዩ መጓዝ ይቻላል።

ይሁንና መንገዱ በሕግ ለመኪና የተዘጋ አይደለም። መኪና ያልበዛበት አስፋልት ለረዥም ዘመን ስላልደረሰው ነው፤ አስፋልት የዘገየበትም አካባቢው ከአገሪቱ ድሃ የገጠር ቀበሌዎች የሚመደብ በመሆኑ ነው። ጎብኚው ‘ጸጥታ’ ብሎ የሚያደንቀውን ነገር ነዋሪው ለዓመታት ‘የመንገድ ችግር’ እያለ ሲያማርርበት ኖሯል።

ባለፈው ዐሥርት ዓመት ግን አስፋልቱ መጥቷል። ከሩባቩ በካሮንጊ በኩል እስከ ሩሲዚ የሚዘልቀው የኪቩ ዳርቻ አውራ ጎዳና ሲሠራ አንዳንዱን የድሮ መንገድ ውጦታል፤ አንዳንዱን ደግሞ ጎኑ ላይ ትቶት አልፏል። ይህ ለውጥ የሚያስነሳው ጥያቄ በሩዋንዳ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ከሰሜን ተራሮች እስከ እንጦጦ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች ሁሉ የሚጠብቅ ጥያቄ ነው፦ መኪና የማይረብሸው መንገድ የሚጠበቀው ለማን ሲባል ነው?

ሦስት ዓይነት ጸጥታ

በተራራማ አገሮች ብስክሌተኛ ከመኪና ተለይቶ የሚጓዝባቸው መንገዶች በሦስት መንገድ ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው። ስፔን ከእአአ 1993 ጀምሮ ባቡር ያቆመባቸውን የሐዲድ መስመሮች ለእግረኛና ለብስክሌት እያዋለች ዛሬ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ‘አረንጓዴ መንገድ’ አላት። ከኦስትሪያዋ ሳልዝበርግ ተነሥቶ አልፕስን ተሻግሮ አድሪያቲክ ባሕር ዳር ግራዶ የሚደርሰው የብስክሌት መንገድም በጣልያን ክፍሉ አገልግሎት ባቆመ የባቡር መስመር ላይ ይጓዛል። የባቡር መስመር ለተራራ ብስክሌት የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ የጥንቱ መሐንዲሶች ተራራውን በዋሻ እየበሱና ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ ዳገቱን አለዝበውታል። ያን ሁሉ ድካም ዛሬ ብስክሌተኛው ይወርሰዋል።

ሩዋንዳ ግን የባቡር መስመር ኖሯት አያውቅም። ስለዚህ የ‘ኮንጎ ናይል’ መንገድ የወረሰው የገበሬውን የእግር መንገድ ነው። እግረኛ ደግሞ አቋራጭ ይወዳል፤ ወደ ገበያው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ወደ ቤቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ የሚወርደውና የሚወጣው ዳገት ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ የሚያደክመው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በሰዓት የተገደበ ነው። በአንዲስ ተራሮች ላይ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ የምትገኘው ቦጎታ ከእአአ 1974 ጀምሮ በየእሑዱ ዋና ዋና ጎዳናዎቿን ለመኪና ትዘጋለች። ኪጋሊ እአአ በ2016 ተመሳሳይ ልማድ ጀምራ፣ በወር ሁለት እሑድ ጠዋት ላይ የተመረጡ መንገዶቿን ለእግረኛ፣ ለሯጭ እና ለብስክሌተኛ ትለቃለች። አዲስ አበባም እአአ በታኅሣሥ 2018 ‘መንገድ ለሰው’ በሚል መርሃ ግብር ይህንኑ ሞክራለች።

ሦስተኛው በመረሳት የሚገኝ ነው። ማንም ጠብቆት ሳይሆን፣ ማንም ስላልደረሰበት መኪና የሌለበት መንገድ ማለት ነው። የ‘ኮንጎ ናይል’ መንገድ በአብዛኛው የዚህ ወገን ነው። የመጀመሪያውን በጀት ይጠብቀዋል፣ ሁለተኛውን የከተማ አስተዳደር ትእዛዝ ይጠብቀዋል። ሦስተኛውን የሚጠብቀው የለም፤ ልማት የመጣ ቀን ያበቃል።

መኪና የለም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም

የሩዋንዳ የቆዳ ስፋት 26,338 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። እአአ በ2022 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿን ቁጥር 13.2 ሚሊዮን ገደማ አድርሶታል። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 500 ሰው ማለት ሲሆን፣ አገሪቱን ከአህጉሩ የየብስ አገሮች መካከል እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፈረባት ያደርጋታል። በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ ባዶ መንገድ የለም።

ከንጋት ጀምሮ በኪቩ ዳርቻ ኮረኮንች ላይ የሚተላለፈው ብዙ ነው። ውኃ በጀሪካን የሚቀዱ ሕፃናት፣ ደብተር ይዘው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ተማሪዎች፣ በራሳቸው ላይ ቅርጫት የተሸከሙ እናቶች፣ ድንች ወይም ሙዝ በብስክሌት ጭነው ዳገቱን የሚገፉ ወጣቶች መንገዱን ይሞሉታል። እዚህ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ አይደለም። ያለ ማርሽ የሚሠራው ከባድ የብረት ብስክሌት ዳገቱን በመገፋት ይወጣል፤ ባለቤቱ የሚቀመጥበት ቁልቁለቱን ሲወርድ ብቻ ነው።

ድንበሩን ተሻግሮ ባለው የጎማ አካባቢ ደግሞ ‘ቹኩዱ’ የሚባለው ከእንጨት የተሠራ ባለሁለት ጎማ መሣሪያ አለ። ከባሕር ዛፍ ተጠርቦ፣ መንኮራኩሩ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተለብጦ የሚሠራው ይህ መጓጓዣ ብዙ ኩንታል ጭኖ ከተራራ ወደ ገበያ ይወርዳል። የጎማ ከተማ ለቹኩዱ ገፊው ወርቃማ ቀለም የተቀባ ሐውልት አቁማለታለች። በአካባቢው ባለሁለት ጎማ መጓጓዣ ያለውን ቦታ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

የቡና ገበሬው ጉዳይም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። ቡና ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ቀይ እሸት ቡና ከተለቀመ በኋላ በሰዓታት ውስጥ መፈልፈያ ካልደረሰ ይቦካና ጥራቱ ይወርዳል፤ ጥራቱ ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። በኪቩ ዳርቻ ያሉ መፈልፈያዎች ከማሳው ርቀው ሲገኙ፣ በራስ ተሸክሞ በመሄድ እና በብስክሌት ጭኖ በመሄድ መካከል ያለው ልዩነት የገበሬውን የዓመት ገቢ የሚነካ ነው። አሜሪካዊው የብስክሌት ሠሪ ቶም ሪቺ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ሩዋንዳን ከጎበኙ በኋላ፣ ከኋላ ረዘም ያለ መጫኛ ያለው ‘የቡና ብስክሌት’ ለገበሬዎች እንዲዳረስ የሠሩት ይህንኑ ችግር ተመልክተው ነበር።

የሩዋንዳ ብሔራዊ የብስክሌት ቡድን መነሻም ከዚሁ ጥረት ጋር የተያያዘ ነው። ከቡድኑ የወጣው አድሪየን ኒዮንሹቲ እአአ በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ በተራራ ብስክሌት ውድድር አገሩን ወክሏል።

እንግዲህ የውጭው ጎብኚ ‘መኪና የሌለበት’ ብሎ የሚጠራው መንገድ ለነዋሪው ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ እና ጤና ጣቢያው ነው። ስለ መንገዱ የሚደረግ ማንኛውም ውሳኔ ከዚህ ካልተነሣ መሠረቱን ይስታል።

አስፋልቱ ያመጣው እና የወሰደው

የኪቩ ዳርቻ አውራ ጎዳና ለምዕራብ ሩዋንዳ ያመጣውን ጥቅም መካድ አይቻልም። ምጥ የያዛትን እናት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ፣ ድንች እና ሻይ ሳይበላሽ ገበያ ለማውጣት፣ ሐኪም እና መምህር ወደ ገጠር ለመሳብ አስፋልት ያስፈልጋል። መኪና የሌለበትን ጸጥታ ለመጠበቅ ሲባል መንገድ አይሠራ የሚል ክርክር ካለ፣ ያ ክርክር የጎብኚ እንጂ የነዋሪ አይደለም።

ይሁንና አስፋልት የሚያመጣው ፍጥነትንም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተሽከርካሪዎች አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር፣ ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ይጨምራል። ድርጅቱ እአአ በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2021 በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገምቷል። የአፍሪካ ቀጣና ከዓለም ተሽከርካሪዎች ያለው ድርሻ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ከሟቾቹ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጉት የዚሁ ቀጣና ሰዎች ናቸው።

በተራራ ላይ አደጋው ይከፋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን የተቆረጠ ተዳፋት አለ። ሾፌሩ ከመታጠፊያው ባሻገር ያለውን አያይም። ትናንት በኮረኮንቹ መሀል ተዝናንቶ ይጓዝ የነበረው ድንች ጫኝ፣ ዛሬ ስፋት በሌለው የአስፋልት ትከሻ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ተጋፍቶ ይጓዛል። የውጭው ብስክሌተኛ ነገሩ ካልተመቸው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አገር ይመርጣል። ድንች ጫኙ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ሌላው አደጋ ተራራው ራሱ ነው። እአአ በግንቦት 2023 መጀመሪያ በአንድ ሌሊት የጣለው ከባድ ዝናብ ባስከተለው ጎርፍና የመሬት መንሸራተት በምዕራብ እና በሰሜን ሩዋንዳ ከ130 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክፉኛ ከተጎዱት ወረዳዎች መካከል ሩባቩ፣ ሩትሲሮ እና ካሮንጊ ይገኙበታል፤ ሦስቱም የ‘ኮንጎ ናይል’ መንገድ የሚያልፍባቸው ናቸው። ተዳፋት ተቆርጦ የሚሠራ ሰፊ መንገድ የውኃ መውረጃው በጥንቃቄ ካልተበጀ ጎርፉን ወደ መንደር ይመራል። በአንጻሩ የመሬቱን ቅርፅ ተከትሎ የሚሄድ ጠባብ መንገድ የሚያቆስለው መሬት ያነሰ ነው። ይህ የውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ የት ይቀራል?

ሩዋንዳ በቱሪዝም ፖሊሲዋ ‘ጥቂት ጎብኚ፣ ከፍተኛ ክፍያ’ የሚለውን መንገድ መርጣለች። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ጎሪላዎችን ለማየት የሚከፍለው የፈቃድ ዋጋ ከእአአ 2017 ጀምሮ 1,500 ዶላር ነው። ከብሔራዊ ፓርኮች ገቢ 10 በመቶው በዙሪያቸው ለሚኖረው ማኅበረሰብ እንዲደርስ የሚያደርግ አሠራርም አለ።

የብስክሌት ጉዞ ኢኮኖሚ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ብስክሌተኛው የሚከፍለው ከጎሪላ ጎብኚው እጅግ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን በብዙ እጅ ይበትነዋል። በመኪና የሚጓዘው ቱሪስት በሁለት ሰዓት የሚያልፈውን መንደር እርሱ በቀኑ መጨረሻ ደክሞ ይደርስበታል። ይርበዋል፣ ይጠማዋል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ማደሪያ ይፈልጋል። ሻይ የምታፈላው፣ ሙዝ የምትሸጠው፣ ጎማ የሚለጥፈው ወጣት፣ መኝታ የሚያከራየው ቤተ ክርስቲያን ወይም የቡና ማኅበር፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያገኛሉ።

ይህ የሚሆነው ግን መንደርተኛው አገልግሎቱን ራሱ ሲይዘው ነው። ጉዞው ከዋና ከተማ በተነሣ ድርጅት፣ ምግብና ብስክሌት ተጭኖ፣ ከኋላ መኪና እየተከተለው የሚካሄድ ከሆነ መንደሩ ፎቶ ከመነሣት ያለፈ ድርሻ አይኖረውም። ስለዚህ የመንገዱ ባለቤት ማነው የሚለው ጥያቄ ከመንገዱ ጥራት እኩል ይመዝናል።

መንገዱ የሚያልፍበት ምድር ታሪክም መዘንጋት የለበትም። በካሮንጊ ወረዳ ያለው ቢሴሴሮ እአአ በ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ ወቅት ቱትሲዎች በድንጋይና በዱላ ለሳምንታት የተከላከሉበት እና በመጨረሻም በሺዎች የሚቆጠሩት ያለቁበት ተራራ ነው። ዛሬ የመታሰቢያ ስፍራ ይገኝበታል። ጎብኚው እንደ ውብ ሥዕል የሚያየው ኮረብታ ለነዋሪው የቅርብ ዘመድ መቃብር ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ጫፍ ያለው ጦርነት

የ‘ኮንጎ ናይል’ መንገድ ሁለቱም ጫፎች ድንበር ላይ ናቸው። ሩባቩ ከጎማ፣ ሩሲዚ ከቡካቩ ጋር ትዋሰናለች። ኤም23 የተባለው ታጣቂ ቡድን እአአ በጥር 2025 መጨረሻ ጎማን፣ በየካቲት ደግሞ ቡካቩን ተቆጣጥሯል። በጎማው ውጊያ ወቅት ድንበር ተሻግሮ የወደቀ ተኩስ በሩባቩ የሩዋንዳ ነዋሪዎችን ገድሏል።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የባለሙያዎች ቡድን ሩዋንዳ ኤም23ን እንደምትደግፍ በተደጋጋሚ ሪፖርት አድርጓል። ኪጋሊ ይህን አትቀበልም፤ ድንበሯ ላይ የሚያሰጓትን ታጣቂዎች ለመከላከል የራሷን እርምጃ እንደወሰደች ትናገራለች። የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች እአአ በሰኔ 2025 በዋሽንግተን የሰላም ስምምነት ቢፈርሙም፣ በምሥራቅ ኮንጎ ያለው ውጊያ አልቆመም።

ጦርነቱ ለብስክሌት ስፖርትም ተርፏል። በየካቲት 2025 የአውሮፓ ፓርላማ ባሳለፈው ውሳኔ ሩዋንዳ አቋሟን ካልለወጠች የዓለም የብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ እንዳይካሄድ ጠይቆ ነበር። በዚያው ወር በተጀመረው የሩዋንዳ ዙር ውድድር ላይ ‘ሱዳል ክዊክ ስቴፕ’ የተባለው የቤልጅየም ቡድን በጸጥታ ሥጋት ምክንያት ሳይሳተፍ ቀርቷል።

ሻምፒዮናው ግን ከመስከረም 21 እስከ 28 ቀን 2025 በኪጋሊ ተካሂዷል፤ በአፍሪካ ምድር ሲካሄድም የመጀመሪያው ነው። በወንዶች የጎዳና ውድድር 267.5 ኪሎ ሜትር ርቀት እና ከ5,400 ሜትር በላይ ድምር ዳገት የነበረውን ፉክክር ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ሲያሸንፍ፣ ውድድሩን የጨረሱት 30 ብስክሌተኞች ብቻ ነበሩ። የሩዋንዳ ተራሮች ምን ያህል ከባድ እንደሆኑ ዓለም ያየው ያን ቀን ነው።

ሆኖም የአንድ ሳምንት ሻምፒዮና እና የዓመት ሙሉ መንገድ የተለያዩ ናቸው። ለውድድሩ መንገድ ይዘጋል፣ ተማሪ ቤት ይቀመጣል፣ ሕዝብ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። በማግስቱ መኪናው ይመለሳል። በኪጋሊ በብስክሌት ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩ ወጣቶች ከዋና ዋና አስፋልቶች እንዲርቁ ሲገደዱ ኖረዋል። ለሻምፒዮን ብስክሌተኛ የሚዘጋ ጎዳና ለእንጀራ ለሚጋልበው ብስክሌተኛ የሚከለከል ከሆነ፣ ፖሊሲው መልስ የሚሻ ቅራኔ አለበት።

ከሰሜን ተራሮች እስከ እንጦጦ

ጥያቄው ኢትዮጵያንም ይመለከታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እአአ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ስፍራዎች አንዱ ነው። በ1996 ‘አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች’ መዝገብ ውስጥ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ሥጋት ከነበሩት ጉዳዮች መካከል ከደባርቅ ተነሥቶ ፓርኩን ሰንጥቆ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ይገኝበት ነበር፤ መፍትሔ ተብሎ የቀረበውም ፓርኩን የሚዞር ተለዋጭ መንገድ መሥራት ነው።

በዚያ መንገድ ላይ ብስክሌተኛ፣ ጭላዳ፣ እግረኛ እና የጭነት መኪና አንድ ላይ ይጓዛሉ። ተለዋጩ መንገድ የመኪናውን ፍሰት ከወሰደ፣ የድሮው መንገድ ከዓለም ድንቅ የተራራ የብስክሌት ጉዞዎች አንዱን ሊያስገኝ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ነገር ግን ያው ጥያቄ ይመጣል። እአአ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ለፓርኩ ደኅንነት ሲባል ከቀዬአቸው ተነሥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ጸጥታው የተገኘው ነዋሪው ስለሄደ ከሆነ፣ ከሚመጣው ጥቅም ነዋሪው ድርሻ ሊኖረው ይገባል። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2023 ወዲህ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሰላም ከሌለ የትኛውም መንገድ ቢሠራ ጎብኚ እንደማያመጣ አሳይቷል።

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር እና ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለከተማዋ አምጥቷል። በአንጻሩ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ተነሥተዋል። የእንጦጦ ፓርክ ከመኪና የራቀ የብስክሌት መንገድ አለው፤ ሆኖም ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ለኖሩ ሴቶች ተራራው ምንጊዜም የእግር መንገድ ነበር። ኢትዮጵያ እአአ በ2020 ያወጣችው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ይገልጻል። የስትራቴጂው ፈተና በከተማ አደባባይ ላይ የተቀባው መስመር ሳይሆን፣ በገጠሩ ዳገት ላይ የሚሆነው ነው።

መንገዱን ሳይነጥቁ መጠበቅ

ልማትን እና ጸጥታን አብሮ ማስኬድ የማይቻል አይደለም። የሩዋንዳው ልምድ ቢያንስ አራት ነገሮችን ያመለክታል።

አንደኛ፣ አዲስ አስፋልት ከድሮው መንገድ ተለይቶ በሚሄድበት ቦታ ሁሉ የድሮውን መንገድ በእግረኛና በብስክሌት መንገድነት መዝግቦ መጠበቅ ይገባል። ካልተመዘገበ በጥቂት ክረምት ይታጠባል ወይም ይታረሳል። ሩዋንዳ በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ሕዝቡ ለጋራ ሥራ የሚወጣበት ‘ኡሙጋንዳ’ የተሰኘ ልማድ አላት፤ በዚያ ጠዋት ተሽከርካሪ ሁሉ በአብዛኛው ይቆማል። የእግር መንገድ መጠገን ከዚህ ሥራ ጋር የሚሄድ ነው።

ሁለተኛ፣ አስፋልቱ የድሮውን መንገድ በሚውጥበት ቦታ ሰፊ ትከሻ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ መግባት አለበት። ተራራ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ መንገድ ማስፋት እጅግ ውድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እአአ በ2016 አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲመድቡ ጠይቋል።

ሦስተኛ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አጠገብ ፍጥነትን በምልክት ብቻ ሳይሆን በመንገዱ አሠራር መግታት ያስፈልጋል። አራተኛ፣ የማደሪያው፣ የጥገናው እና የአስጎብኚነቱ ሥራ በመንገዱ ዳር ለሚኖረው ሰው ቅድሚያ እንዲሰጥ መደረግ አለበት።

እነዚህ ሁሉ ለውጭው ብስክሌተኛ ይጠቅማሉ። ይሁንና የሚጀምሩት ከእርሱ አይደለም። ድንች የጫነው ወጣት ሳይፈራ የሚያልፍበት፣ ተማሪዋ በሰላም ደርሳ የምትመለስበት፣ እሸት ቡናው በሰዓቱ መፈልፈያ የሚገባበት መንገድ ለጎብኚውም ምቹ መሆኑ አይቀርም። በተቃራኒው ለጎብኚው ብቻ ተብሎ የተከለለ መንገድ ጎብኚው ሲቀር አብሮ ይጠፋል፤ ጎብኚ ደግሞ በአንድ የጦርነት ዜና እንደሚቀር የኪቩ ዳርቻ ሰዎች በ2025 አይተዋል።

ጦርነቱ በተቃረበበት በዚያ ወቅት እንኳ በኪቩ ኮረብታዎች ላይ ቡናው ይቀላል፣ ገበያው በቀኑ ይቆማል። ጎብኚ ኖረም አልኖረም፣ መንገዱን በየማለዳው የሚረግጠው ነዋሪው ነው።